«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል»? ከሬዚደንሲ ኢንተርቪው በኋላ ስለሚጻፉ ደብዳቤዎች የቀረበ ምላሽ

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል ያገራችን ሰው። ሹመት በደጅ ጥናት ይገኝ በነበረበት ዘመን ትክክለኛ ምክር ነበር፤ ጌታው ካላየህ፣ አማላጅ ካልገባልህ፣ ስምህ በእልፍኝ ካልተነሳ ወንበሩ ለሌላ ይሰጣል። ይኸው ምክር ዛሬ ባሕር ተሻግሮ፣ አሜሪካ ውስጥ ለሬዚደንሲ፣ ማለትም ለልዩ ሙያ የሐኪሞች ሥልጠና፣ በሚያመለክቱ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ዘንድ እንደ ሕግ ይነገራል። ኢንተርቪው ካለቀበት ቀን አንስቶ የምርጫ ዝርዝር እስከሚዘጋበት እስከ የካቲት ማብቂያ ድረስ ዝም ያለ አመልካች ይረሳል ይባላል። መጀመሪያ አመስግን፤ ሰንበት ብለህ ፍላጎትህን በሌላ ደብዳቤ አድስ፤ በመጨረሻም «አንደኛ ያደረግሁት እናንተን ነው» ብለህ ቁርጡን ንገራቸው። የመጨረሻውን ለስንት ፕሮግራም መጻፍ እንደሚቻል ሲጠየቅ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ለሦስት ለአራቱ ብትልስ ማን ያውቅብሃል?» የሚል ነው።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ምክር የቀረበ ምላሽ ነው። ምክሩን የሚሰጡት ክፉ አሳቢዎች አይደሉም። ቀድመውን መጥተው፣ ፈተናውን አልፈው፣ በየሆስፒታሉ ቦታ ያገኙ ታላላቆቻችን ናቸው። ምክራቸው ከፍርሃታችን ጋር ስለሚገጥም ቶሎ ይዋጥልናል፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2024 ማች፣ ማለትም አመልካቾችንና የሬዚደንሲ ፕሮግራሞችን በየምርጫ ዝርዝራቸው በሚያገናኘው ድልድል፣ 50,413 አመልካቾች ለ41,503 ቦታዎች ተመዝግበው ነበር። በአሜሪካ የኤምዲ ትምህርት ቤቶች የመጨረሻ ዓመት ላይ ከነበሩት ተማሪዎች 93.5 በመቶው ቦታ ሲያገኙ፣ የአሜሪካ ዜግነት ከሌላቸውና ውጭ አገር ከተማሩት ግን ያገኙት 58.5 በመቶው ናቸው። ከጥቁር አንበሳ፣ ከጎንደር ወይም ከጅማ የተመረቀ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው ከእነዚህ ጋር ነው። ከአሥሩ አራቱ ባዶ እጃቸውን በሚመለሱበት ሰልፍ ላይ ለቆመ ሰው «አርፈህ ተቀመጥ» ማለት ከባድ ነው፤ እኔም እንዲያ አልልም። የምለው ማች የተሠራው ማንም ደጅ እንዳይጠና መሆኑን ነው። ይህን ሳናውቅ ደጅ ስንጠና፣ የተሰጠንን መብት በገዛ እጃችን እንጥላለን።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ከ1952 በፊት የአሜሪካ ሆስፒታሎች ኢንተርን የሚቀጥሩት በሽሚያ ነበር። አንዱ ከሌላው ለመቅደም ሲል፣ ተማሪው ኢንተርን ሊሆን ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው ውል እስከ ማስገባት ተደረሰ። በ1945 ትምህርት ቤቶቹ የተማሪዎቻቸውን ማስረጃ ከተወሰነ ቀን በፊት ላለመስጠት ሲስማሙ፣ ሽሚያው ለተማሪው ወደሚሰጠው የማሰቢያ ጊዜ ዞረ። መጀመሪያ አሥር ቀን ነበር፤ በ1949 አሥራ ሁለት ሰዓት እንኳ በዛ ተባለ። ተማሪው ቴሌግራሙን በእጁ ይዞ፣ የበለጠ የሚወደው ሆስፒታል ይጥራው አይጥራው ሳያውቅ፣ እዚያው እሺ ወይም እምቢ ማለት ነበረበት። ማች የተቋቋመው ይህን ለማስቀረት ነው። ከሁሉ በላይ መታወስ ያለበት ግን በ1951 የሆነው ነው። መጀመሪያ የቀረበው የድልድል ቀመር፣ የልቡን ምርጫ አንደኛ ያደረገ ተማሪ እሱ ካልተሳካለት በሁለተኛው ምርጫው ላይ እንዲጎዳ የሚያደርግ ነበር። በዚያን ጊዜ የሃርቫርድ የሕክምና ተማሪ የነበረው፣ በኋላ ስመ ጥር የሕፃናት ቀዶ ሐኪም የሆነው ሃርዲ ሄንድረን ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ተቃወመ፤ ቀመሩም ተለወጠ። እውነተኛ ምርጫውን የጻፈ አይቀጣ የሚለው መርሕ ከላይ የወረደ ስጦታ አይደለም፤ ተማሪዎች ጠይቀው ያገኙት ነው።

ያ መርሕ በኋላ በሒሳብ ተረጋገጠ። ዴቪድ ጌልና ሎይድ ሻፕሊ በ1962 ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ፣ ሁለት ወገኖች በየምርጫቸው ቅደም ተከተል ሲደለደሉ የማይፈርስ ጥምረት ሁልጊዜ እንደሚገኝ አሳዩ። በ1981 ዱቢንስና ፍሪድማን፣ በ1982 ደግሞ አልቪን ሮዝ፣ በድልድሉ የጥምረት ጥያቄ የሚያቀርበው የትኛው ወገን ነው የሚለውን አጥንተው፣ ጠያቂው ወገን እውነተኛ ምርጫውን በመደበቅ ምንም እንደማያተርፍ አረጋገጡ። ማች ለብዙ ዓመታት የሚነሳው ከሆስፒታሎቹ ዝርዝር ነበር። ሮዝና ኤሊዮት ፔራንሰን እንደገና ሠርተውት ከ1998 ጀምሮ ከአመልካቹ ዝርዝር እንዲነሳ ሆነ። ሮዝና ሻፕሊ በ2012 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

በተግባር እንዲህ ነው። አንዲት አመልካች ሀ፣ ለ እና ሐ የተባሉ ሦስት ሆስፒታሎችን በዚሁ ቅደም ተከተል አስቀመጠች እንበል። ቀመሩ መጀመሪያ ሀን ይጠይቅላታል። ሀ ቦታዎቹን ሁሉ ይበልጥ በሚፈልጋቸው ሰዎች ሞልቶ ከሆነ አይቀበላትም፤ ወደ ለ ትሄዳለች። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚስተው። ለ «ሁለተኛ አድርገሽኝ ነው የመጣሽው» ሊላት አይችልም፤ የእሷን ዝርዝር አያይም። የሚያየው የራሱን ዝርዝር ብቻ ነው። በዝርዝሩ እሷ በጊዜያዊነት ከያዘው ሰው በላይ ከሆነች ያንን ሰው ይለቅና እሷን ይይዛል፤ ቀድሞ መድረስ ዋጋ የለውም። የማይደርሱበት የሚመስለውን ሆስፒታል አንደኛ ማድረግ ሁለተኛውን አያሳጣም። ስለዚህ «ማን ይወስደኛል?» ብሎ ዝርዝርን ማስተካከል ትርፍ የለውም፤ ጥያቄው «የት መሥራት እፈልጋለሁ?» ብቻ ነው። እንደ ባልና ሚስት ላሉ በጥንድ ለሚያመለክቱ ሰዎች የሒሳቡ ማረጋገጫ እንደ ነጠላው የተሟላ አይደለም፤ ምክሩ ግን ያው ነው።

እዚህ ላይ የምከራከረው ወገን ብርቱ መልስ አለው፤ ሳልሸሽ ላቅርበው። «ቀመሩ ታማኝ ይሁን፤ የሆስፒታሉን ዝርዝር የሚያዘጋጁት ግን ሰዎች ናቸው። ደብዳቤው ቀመሩን ሳይሆን እነዚያን ሰዎች ለመለወጥ ነው» ይላል። እውነት ነው፤ የሒሳቡ ማረጋገጫ የሆስፒታሉን ዝርዝር እንዳለ ይወስደዋል እንጂ እንዴት እንደተዘጋጀ አይነግረንም። አንዳንድ የፕሮግራም ዳይሬክተር ዝርዝሩን ብዙ ሳይወርድ ቦታውን መሙላቱን እንደ ክብር ይቆጥረዋል፤ እንዲህ ያለው ሰው «እመጣለሁ» ያለውን ሊያስበልጥ ይችላል። ግን ራሱን ይጎዳል፤ ሊያገኘው የሚችለውን የተሻለ ሐኪም ለከንቱ ቁጥር ሲል ወደ ታች ያወርዳል።

ደብዳቤው ምን ያህል እንደሚመዝን ግን ዝርዝር ከሚያዘጋጁት አንዱ ሆኜ ከተቀመጥኩበት ወንበር ልናገር። ዝርዝር በሚዘጋጅበት ስብሰባ ላይ ለአንድ አመልካች የሚሰጠው ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ነው። ፎቶው ስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ ኢንተርቪው ያደረጉት ሐኪሞች ነጥባቸውን ያነባሉ፤ ከዚያ ሬዚደንቶቹ ይጠየቃሉ። አንድ ጊዜ አንዲት ሬዚደንት እጇን አነሳችና፣ «በቃሬዛ ስድስት ሰዓት ተሸክመው ስላመጧት ወላድ የነገረችኝን እስካሁን አልረሳሁትም» አለች። ያቺ አመልካች እዚያው አራት ደረጃ ከፍ አለች። ጥቂት ቆይቶ ስለ ሌላ አመልካች ሲወራ አንድ ሰው «ደብዳቤ ጽፎልናል?» ብሎ ጠየቀ። የፕሮግራሙ አስተባባሪ ፋይሉን ከፍታ አየችና «ሁሉም ጽፈዋል» አለች። ወሬው እዚያ ላይ አበቃ።

«ሁሉም ጽፈዋል» የሚለው ቃል ነገሩን ሁሉ ይዟል። ማንም ለፈለገው ያህል ሰው ያለ ወጪ ሊናገረው የሚችል ቃል ሚዛን የለውም። ፍላጎትን መግለጽ ዋጋ የሚኖረው ሲገደብ ነው። ሬዚደንሲ ፕሮግራሞች ራሳቸው ይህን ተረድተው ከማመልከቻው ጋር የሚላክ የፍላጎት ምልክት አምጥተዋል። በ2020 የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሕክምና ጀመረው፤ ዛሬ ለውስጥ ደዌ የሚያመለክት ሰው አሥራ አምስት ምልክት አለው፤ ሦስቱ ወርቅ፣ አሥራ ሁለቱ ብር። ለአንዱ የሰጠኸውን ወርቅ ለሌላው ልትሰጥ አትችልም፤ የሚታመነውም ስለዚህ ነው። በአራት ግልባጭ የተላከ «አንደኛዬ እናንተ ናችሁ» ግን የሐሰት ገንዘብ ነው። የሚያረክሰውም የራሱን ብቻ አይደለም፤ በእውነት ለአንድ ቦታ ብቻ የጻፈውን ሰው ደብዳቤም አብሮ ያረክሳል።

ሌላው ነገር ከሁለቱም ወገን የሚላኩትን የእነዚህን መልእክቶች ዕዳ የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ነው፤ ይህን ከራሴ ሕይወት አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ባመለከትኩበት ዓመት ከአንድ ፕሮግራም ዳይሬክተር «ጁላይ ላይ ከእኛ ጋር እንደምትሆን ተስፋ እናደርጋለን» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ባደግኩበት ባህል ትልቅ ሰው እንዲህ ካለ ቃል ነው። ዘጠኝ ሆስፒታል የነበረውን ዝርዝሬን ወደ አራት አወረድኩት፤ ሩቅ የመሰሉኝን፣ ብርዱ የሚያስፈራኝን ሰረዝኩ። በማች ሳምንት ሰኞ የመጣልኝ መልስ ቦታ አላገኘህም የሚል ነበር። ያንን ዓመት ሌሊት ሌሊት በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ እየሠራሁ አሳለፍኩት። ዳይሬክተሩ ዋሽቶኛል አልልም፤ ምናልባት ተስፋው እውነት ነበር። ተስፋውን ወደ ቃል ኪዳን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ነገር ግን ያ ዓረፍተ ነገር ባይጻፍልኝ ኖሮ አምስቱን አልሰርዝም ነበር። እዚህ አገር የሚያማክረው ሰው ያለው ተማሪ እንዲህ ያለውን መልእክት አንብቦ ይዘጋዋል፤ ከሩቅ የመጣው ግን ቤተሰቡን ሰብስቦ ያነበዋል። የዚህ ልማድ ሸክም የሚወድቀው መረጃ በሌለው ላይ ነው።

ደንቡም የሚለው ይህንኑ ነው። የማች ስምምነት አንድ ፕሮግራም አመልካቹን «ስንተኛ አደረግኸን?» ብሎ እንዳይጠይቅ ይከለክላል። አመልካቹ በፈቃዱ ፍላጎቱን ሊናገር ይችላል፤ ዳይሬክተሩም እንደዚሁ። ነገር ግን የሥነ ምግባር ደንቡ ፕሮግራሞች ከኢንተርቪው በኋላ ደብዳቤ እንዳይጠይቁ፣ የአመልካቹን ምርጫ ለማዛባት ብለው ቅን ያልሆነ መልእክት እንዳይልኩ፣ ሁለተኛ ጉብኝትንም ግዴታ እንዳያደርጉ ያዛል። ከሁለቱም ወገን የሚያስር ነገር አንድ ብቻ ነው፤ የመጨረሻው ዝርዝር።

ታዲያ ምን እንጻፍ? ያስተማረህን፣ ጊዜውን የሰጠህን ሰው ማመስገን ጨዋነት ነው፤ ሁለት መስመር ይበቃል፣ መልስ ባይመጣም አትደንግጥ። እውነተኛ ጥያቄ ካለህ ጠይቅ። ፕሮግራሙ የሚቀበለው ጄ-1 ቪዛ ብቻ ነው ወይስ ኤች-1ቢም? ኤች-1ቢ ከሆነ የስቴፕ 3 ፈተናን እስከ መቼ ማለፍ አለብኝ? ይህ ምልጃ አይደለም፤ ዝርዝርህን በትክክል ለመሥራት የሚያስፈልግ መረጃ ነው። በእውነት ከሁሉ የምታስበልጠው አንድ ቦታ ካለና ልብህ ንገራቸው ካለህ፣ ለዚያ ለአንዱ፣ አንድ ጊዜ ጻፍ፤ ከዚያ ቃልህን ጠብቅ። ሐኪም የሚሆን ሰው የሙያ ሕይወቱን በአራት ግልባጭ ሐሰት መጀመር የለበትም። በሽተኛው ነገ የሚያምነው ይህንኑ አፍ ነው።

ባለፈው የካቲት አንዲት ወጣት ሐኪም ላፕቶፗን ይዛ ቤቴ መጣች። ቡናው ሳይፈላ ስክሪኑን ወደኔ አዞረችው፤ አራት ደብዳቤ፣ የሆስፒታሉ ስም ብቻ የተለያየ።

«ጋሼ፣ ለአራቱም ልላከው?»

«አንደኛሽ ስንት ነው፣ ልጄ?»

ዝም አለች። ቆይታ ሦስቱን አንድ በአንድ አጠፋቻቸው። አራተኛውን አነበበችው፤ ጥቂት ቃል አሳጠረችና ላከችው። ከዚያ እስከ ማታ ድረስ በዝርዝሯ ላይ ተቀመጥን። «አይወስዱኝም» ብላ አምስተኛ ላይ ያኖረችውን ሆስፒታል ለምን እንደምትወደው ጠየቅኋት፤ እየነገረችኝ ሳለ እሷው ወደ ሁለተኛ አወጣችው። በሩቅ ከተማ ያሉትንም አልሰረዘችም።

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው አባባል ስለዚህ አልተሻረም። የተለወጠው የመናገሪያው ቦታ ነው። በኢንተርቪው ቀን ስለ በሽተኞችህ ስትናገር ተናግረሃል። የቀረህ ቃል በዝርዝርህ ላይ ያለው ነው፤ እሱን ማንም ሳያይህ፣ ማንንም ሳትለምን፣ ልክ እንደምትፈልገው አድርገህ ትጽፈዋለህ። ዝርዝሩ ከመዘጋቱ በፊት አጽድቄዋለሁ የሚለውን መጫን አትርሳ፤ ያልጸደቀ ዝርዝር እንዳልተነገረ ይቆጠራል።