ሣሩን ያሳመመው ፈንገሱ ብቻ አይደለም

«ደግሞ ስለ ጎልፍ ሜዳ ሣር በሽታ ምን አገባችሁ?» የሚለን አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለአብዛኞቻችን ሣር ማለት በዓል ሲደርስ ከመንገድ ዳር ገዝተን ቤት የምንጎዘጉዘው ነገር ነው። ጎልፍ ደግሞ የቴሌቪዥን ጣቢያ ስንቀያይር ዘለነው የምናልፈው የሀብታም ጨዋታ ነው። ይሁን እንጂ በአሜሪካ የጎልፍ ሜዳዎች ላይ ሰውና ፈንገስ የገጠሙት የአሥርት ዓመታት ግብግብ እኛንም ይመለከተናል ባዮች ነን። ትንሽ ታገሱን።

ነገሩ ወዲህ ነው። ኳሷ ወደ ጉድጓዷ የምትገባበት፣ «ግሪን» የሚባለው ቦታ ሣሩ የሚታጨደው ሦስት ሚሊሜትር ገደማ እስኪቀር ድረስ ነው። ሣር ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ነው። ቅጠሉን በየቀኑ ሲከረክሙበት ሥሩ ያጥራል፣ አቅሙም ይደክማል። በዚያ ላይ ይረገጣል፣ ውኃም በየጊዜው ይጠጣል። ፈንገስ ደግሞ የደከመና የረጠበ ነገር ሲያገኝ ሠርግና ምላሹ ነው።

በሰሜን አሜሪካ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው የጎልፍ ሣር በሽታ «ዶላር ስፖት» ይባላል። ስሙን ያገኘው የድሮውን የብር ዶላር ሳንቲም በሚያክሉት የደረቁ ክብ ነጠብጣቦቹ ነው። ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ለተመለከተው ሰው ሣሩ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ክር ይታያል። ድሩ ግን የሸረሪት አይደለም፣ ፈንገሱ ራሱ ነው። ቤኔት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1937 ሳይንሳዊ ስም አወጣለት። በ2018 ደግሞ ሳይንቲስቶች «ክላሪሪዲያ» ወደሚባል አዲስ ወገን አዛወሩት። ስሙ ቢቀየርም ጠባዩ አልተቀየረም።

«እርጨው!»

ለዚህ በሽታ የተሰጠው መልስ ለረጅም ጊዜ አንድ ነበር፤ መርጨት። በመጀመሪያ ሜርኩሪና ካድሚየም ያለባቸው መድኃኒቶች ይረጩ ነበር። አዎ፣ ዛሬ ስማቸውን ስንሰማ የምንሸሻቸው ከባድ ብረቶች! ሜርኩሪ በአሜሪካ ጎልፍ ሜዳዎች ላይ እስከ 1990ዎቹ ድረስ ዘልቋል። ፈንገሱ ግን ካድሚየምን በ1960ዎቹ ለመደው። በ1970ዎቹ ቤንዚሚዳዞል የሚባሉት አዳዲስ መድኃኒቶች ሲመጡ እነሱንም ብዙም ሳይቆይ ተላመዳቸው። ቀጥለው የመጡት አዞል የሚባሉት መድኃኒቶችም በብዙ ሜዳዎች ላይ እንደ ድሯቸው አይሠሩም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በሚሊዮን ከሚቆጠሩት ፈንገሶች መካከል መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ጥቂቶች ይኖራሉ። ያንኑ መድኃኒት ደጋግመን ስንረጭ ደካሞቹን ገድለን ለጠንካሮቹ ሜዳውን እናስረክባቸዋለን። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል። በእጃችን ያሉት የፀረ ፈንገስ መድኃኒት ዓይነቶች ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከእነሱም እየቀነሱ ነው። ፈንገሱ በቀላሉ ሊለምደው ያልቻለውን ክሎሮታሎኒል የተባለውን መድኃኒት እንኳ የአውሮፓ ኅብረት ለጤናና ለከርሰ ምድር ውኃ ያሰጋል ብሎ በ2019 ፈቃዱን ሳያድስለት ቀርቷል።

ታዲያ እኛን ምን አገባን?

አዞሎች የሚረጩት ሣር ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍን። ሐኪም ለፈንገስ ሕመም የሚያዝልን እንደ ፍሉኮናዞል ያለው መድኃኒት የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። የሜዳውም የሐኪሙም አዞል ፈንገሱን የሚመታበት ቦታ አንድ ነው። ሳንባ የሚያጠቃው አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ የተባለው ፈንገስ የሚኖረው አፈርና ብስባሽ ውስጥ ነው። በዕድሜያቸው አዞል ወስደው የማያውቁ ሕመምተኞች ላይ አዞልን የተላመደ አስፐርጊለስ ተገኝቷል። ከኔዘርላንድስ የመጡ ጥናቶች ጣታቸውን የቀሰሩት ለእርሻና ለአበባ ወደሚረጨው አዞል ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ባወጣው የአደገኛ ፈንገሶች ዝርዝር ይህንን ፈንገስ ከአንደኛው ረድፍ አስቀምጦታል።

ጎልፍ ሜዳው ብቻውን ጥፋተኛ ነው አንልም። የእርሻው ድርሻ እጅግ ይበልጣል። ልዩነቱ ግን ገበሬው የሚረጨው እንጀራውን ለማዳን መሆኑ ነው። ጎልፍ ሜዳው የሚረጨው ለምንድን ነው? ኳስ እንድትንከባለል? ወይስ በቴሌቪዥን እንደሚታየው ነጠብጣብ የሌለበት አረንጓዴ ምንጣፍ እንዲሆን?

የአገራችን የስንዴ ገበሬ ይህን ጉዳይ ያውቀዋል። በ2010 ቢጫ ዋግ በስፋት የተዘራውን ኩብሳን ሲመታ ዲጋሉ የተባለው ዝርያ ተቋቁሞ ስለነበር በብዛት ተዘራ። በ2013 ደግሞ የግንድ ዋግ መጥቶ አርሲና ባሌ ላይ ዲጋሉን ጣለው። ገበሬው ዋጉን የሚከላከለው ቲልት በሚለው የገበያ ስሙ በሚያውቀው ፕሮፒኮናዞል ነው። ይኸው ፕሮፒኮናዞል በአሜሪካ ግሪኖችም ላይ ይረጫል። መድኃኒቱ ለአንዱ ጌጥ ነው፤ ለሌላው የዓመት ቀለብ።

ሌላ መንገድ አለ

«ምን ይደረግ ታዲያ?» ለሚለን ቤዝፔጅን እንጠቁማለን። ቤዝፔጅ የኒው ዮርክ ግዛት ንብረት የሆነ ፓርክ ነው። በ2002 እና በ2009 ዩ.ኤስ. ኦፕን የተካሄደበት ብላክ የተባለው ሜዳም የሚገኘው እዚያው ነው። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2001 ከብላክ ጎን ባለው ግሪን በተባለው ሜዳ ላይ ሙከራ ጀመሩ። አንዳንዱን ግሪን እንደ ወትሮው ረጩ፣ አንዳንዱን በትንሽ መድኃኒት ያዙ፣ አንዳንዱን ደግሞ ጭራሽ ሳይረጩ ተዉት። ጭራሽ ያልተረጩት ሙቀቱ በከፋባቸው ዓመታት ክፉኛ ተጎዱ። በጥንቃቄና በትንሽ መድኃኒት የተያዙት ግን ከተለመዱት ጋር የሚወዳደር ጥራት ሰጡ።

ዘዴዎቹ ምትሐት አይደሉም። ጠዋት ጤዛውን በረጅም ዘንግ ወይም በገመድ ማራገፍ። ውኃን ማታ ሳይሆን ሊነጋጋ ሲል ማጠጣት፤ ቅጠሉ ረጥቦ እንዳያድር። ሣሩ ናይትሮጅን እንዳይራብ ማድረግ፤ ዶላር ስፖት የተራበ ሣር ይወዳልና። ንፋስና ፀሐይ የሚከለክለውን ዛፍ መከርከም። ማጨጃውን ትንሽ ከፍ አድርጎ ግሪኑን በሮለር መዳመጥ፤ ኳሷ ፍጥነቷን ሳታጣ ሣሩ ትንሽ ቅጠል ይተርፈዋል፣ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት ደግሞ መዳመጡ ራሱ ዶላር ስፖትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። እንደ ክሬንሾ ካለው በቶሎ የሚታመም ዝርያ ይልቅ እንደ ዴክላሬሽን ያለውን ጠንካራ መዝራት። መርጨት የግድ ሲሆንም በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን የአምስት ቀናት ሙቀትና እርጥበትን አስልቶ አደጋው መቼ እንደሆነ በሚናገረው የትንበያ ቀመር መመራት።

ይህ ሁሉ ከታወቀ ለምን በየሜዳው አይሠራም? እዚህ ላይ የሜዳውን ባለሙያ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ግሪኑ ላይ ነጠብጣብ ከታየ እንጀራው ያሳስበዋል። የክለቡ አባላት ቅዳሜ ጠዋት መጥተው «ይሄ ምንድን ነው?» ይሉታል እንጂ «ስንት ጊዜ ሳትረጭ ዋልክ?» ብለው አያመሰግኑትም። ስለዚህ «ለማንኛውም» ብሎ ይረጫል። እሱ ቢለወጥ እንኳ በቦታው የሚተካው ሰው ያንኑ ያደርጋል።

ለዚህ ነው ጥያቄያችንን ለባለሙያው ሳይሆን ለተጫዋቹና ለተመልካቹ የምናቀርበው። ኬሚካል በጠቅላላ ይታገድ አንልም፤ የቤዝፔጅ ሙከራም ዜሮ ከባድ እንደሆነ አሳይቷል። የምንለው ጥቂት ነጠብጣብ ያለበት ግሪን ላይ ኳስ ትንከባለላለች ነው። ክለቦች ለባለሙያቸው የሚታገሡትን የነጠብጣብ መጠን በጽሑፍ ይስጡት። ከዚያ በታች ሲሆን ባለመርጨቱ አይጠየቅ። ለሰው ሳንባና ለገበሬ ማሳ የሚያስፈልግ መድኃኒት ለዓይን አምሮት አይለቅ።

ቸር እንሰንብት!