የሠራተኛ መረጃ ደኅንነት፦ ባለቤቱን በር ላይ አቁሞ አይሆንም

የሰው ሀብት መረጃ ሥርዓት የሠራተኛን ቅጥር፣ ዝውውር፣ ደመወዝ፣ ፈቃድ፣ ዲሲፕሊንና ጡረታ የሚመለከቱ መረጃዎችን አደራጅቶ የሚይዝ የአስተዳደር መሣሪያ ነው። በኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እነዚህ መረጃዎች ለረጅም ዘመን የኖሩት በመዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ፣ በሠራተኛው የግል ማኅደር ውስጥ ነው። ማኅደሩ ወደ ኮምፒውተር በተሸጋገረ ቁጥር ውይይቱ የሚያተኩረው የውጭ ሰው እንዳይገባ በማገድ ላይ ነው። ይሁንና የመረጃው ባለቤት የማያየው መዝገብ፣ የቱንም ያህል ቢቆለፍ፣ ደኅንነቱ የተጠበቀ ሊባል አይገባም።

ጉዳዩ ለአርባ ምንጭ ቅርብ ነው። በከተማዋ ታችኛው ክፍል በሲቀላ የሚኖር ሠራተኛ አንድ የአገልግሎት ማስረጃ ለማውጣት ቢሮው ላይኛው ሴቻ ከሆነ ዳገቱን መውጣት ይኖርበታል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ደግሞ የክልሉ ማዕከላት ወላይታ ሶዶን፣ አርባ ምንጭን፣ ዲላን፣ ጂንካን፣ ሳውላንና ካራትን ጨምረው ስድስት ሆኑ። ሠራተኛው ሲደለደል ማኅደሩም አብሮት ይጓዛል። መረጃ ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቁጥር የመጥፋትም የመዛባትም ዕድሉ ይጨምራል።

መዛባቱ ቀላል ጉዳት አያስከትልም። የመንግሥት ሠራተኛ በመደበኛነት ጡረታ የሚወጣው በ60 ዓመቱ ሲሆን፣ ዕድሜው የሚሰላውም መጀመሪያ ሲቀጠር ካስመዘገበው የልደት ዘመን ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1970 የተወለደ ሠራተኛ በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር በሚሠራ ሥርዓት ውስጥ ሳይለወጥ «1970» ተብሎ ቢገባ፣ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት አርጅቶ ይታያል። የቅጥር ዘመኑ 1985 መሆኑ ቀርቶ 1995 ቢጻፍ ደግሞ የ10 ዓመት አገልግሎት ይጠፋል። እንዲህ ያለውን ስህተት ከማንም ቀድሞ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው፤ መዝገቡን ካላየ ግን የሚደርስበት ደብዳቤው ሲመጣ ነው።

ሕጉ ይህን መብት ቀድሞ አውቆታል። የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 ሠራተኛው የግል ማኅደሩን የማየት ወይም ቅጂ የማግኘት መብት እንዳለው፣ ሳያውቀውም በእርሱ ላይ አሉታዊ ይዘት ያለው ሰነድ በማኅደሩ እንደማይካተት ደንግጎ ነበር። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም መረጃውን የማወቅና የማስተካከል መብትን ያጸናል። በወረቀት ዘመን የታወቀ መብት በኮምፒውተር ዘመን ሊጠብ አይገባውም።

ሁለተኛው ስጋት ከውስጥ የሚመጣ ነው። የሰው ሀብት ባለሙያ ፈቃድ ሲወጣ የይለፍ ቃሉን ለባልደረባው ትቶ ቢሄድ፣ ከዚያ በኋላ የተደረገ ለውጥ ሁሉ በእርሱ ስም ይመዘገባል። ወረቀት ላይ ቢያንስ ስርዝ ድልዙ ይታያል፤ በኮምፒውተር የተለወጠ ቁጥር ግን የለውጥ መዝገብ ከሌለ አሻራ አይተውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ መግቢያ ሊኖረው፣ የሚያየውም ለሥራው የሚያስፈልገውን ብቻ ሊሆን ይገባል። ደመወዝ የሚያዘጋጅ ሰው የሕክምና ማስረጃ የሚያይበት ምክንያት የለም። የልደት ወይም የቅጥር ዘመን ሲለወጥም አንዱ አቅርቦ ሌላው ሊያጸድቀው፣ ሠራተኛውም ሊያውቀው ይገባል።

ባለሙያ በሌለበትና መብራት በሚቆራረጥበት ቢሮ ይህ ቅንጦት ነው የሚል መከራከሪያ ሊነሳ ይችላል። ነገር ግን የይለፍ ቃል አለመዋዋስ ገንዘብ አይጠይቅም። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በዓመት አንድ ጊዜ የመረጃውን ማጠቃለያ አትሞ ማስፈረምም ከአንድ ገጽ ወረቀት አያልፍም። ሥርዓቱ ቢቋረጥ እንኳ ያ የተፈረመ ወረቀት ማስረጃ ሆኖ ይቀራል።

በመስኩ የሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ጥናቶችም ከተጠቃሚ እርካታ መጠይቅ አልፈው ስንት ሰው በአንድ የይለፍ ቃል እንደሚሠራ፣ ስንት ሠራተኛ የራሱን መዝገብ አይቶ እንደሚያውቅ ሊጠይቁ ይገባል። አጥኚው ራሱም ለናሙናው የሠራተኞች ዝርዝር ሲጠይቅ፣ ስምና የልደት ዘመን በእርግጥ ያስፈልጉት እንደሆነ አስቀድሞ ይመርምር። እርሱም ከመዝገቡ በር ላይ ከሚቆሙት አንዱ ነውና።