ሜጀሩን ተማሪው ራሱ ይንደፈው

የዲፓርትመንት ምደባ በወጣ ቁጥር የምንሰማው እሮሮ አንድ ነው፤ «ያልመረጥኩት ደረሰኝ»። ከዚህ የባሰም አለ። የሚፈልገው ትምህርት በየትኛውም ዲፓርትመንት ስም ያልተጻፈለት ተማሪ ምን ይምረጥ?

አሜሪካ ውስጥ ለዚህ መልስ ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ብራውን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1969 ሥርዓተ ትምህርቱን የለወጠ ሲሆን፣ ዛሬ ተማሪው የራሱን ሜጀር መንደፍ ይችላል። ይህ ግን «የቀለለህን ኮርስ ልቀም» ማለት አይደለም። ተማሪው ሐሳቡን በጽሑፍ ያቀርባል፣ ኮርሶቹን ይዘረዝራል፣ የሚያማክረው መምህር ያገኛል፤ ኮሚቴ አይቶ ያጸድቃል ወይም ይመልሳል። ቋንቋን፣ ታሪክንና አንትሮፖሎጂን ለሚያገናኝ የባህሎች ግንኙነት ጥናት ይህ መንገድ ምቹ ነው።

ከ80 በላይ ቋንቋ በሚነገርባት ኢትዮጵያ ይህ ቅንጦት ነው? አይመስለኝም። እኛ ጋዜጠኞች ቋንቋውን ወደማናውቀው አካባቢ ስንሄድ መጀመሪያ የምንፈልገው አስተርጓሚ ነው። ብዙ ጊዜ የምናገኘው ቋንቋውን የሚችል፣ ማስተርጎምን ግን ያልተማረ ሰው ነው። ሽማግሌው አሥር ደቂቃ የተናገሩት በሁለት ዓረፍተ ነገር ይደርሰናል፤ እኛም ያንኑ እንዘግባለን። በሽተኛ የሚመረምር ሐኪም፣ ምስክር የሚሰማ ዳኛ፣ ለዕርቅ የተላከ ባለሥልጣንም ያው ነው የሚገጥማቸው።

እስቲ አንድ ተማሪ እናስብ። ሶማሊኛ ይማራል። ከሶሻል አንትሮፖሎጂ ስለ አርብቶ አደር ኑሮ፣ ከሕግ ስለ ባህላዊ ዳኝነት፣ ከታሪክ ስለ ምሥራቁ ንግድ ይወስዳል። የመመረቂያ ጽሑፉን ሄር ስለሚባለው የሶማሌ ባህላዊ ሕግ ቦታው ድረስ ሄዶ ይሠራል። አንትሮፖሎጂውም፣ ሕጉም፣ ታሪኩም፣ የቋንቋ ጥናቱም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አሉ። የጎደለው አጥሩን መሻገሪያ ፈቃድ ነው።

«ማን ይቀጥረዋል?» የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው። የሥራ ማስታወቂያዎቻችን ከችሎታው ይልቅ የዲግሪውን ስም ይጠይቃሉ። ስለዚህ በትንሹ እንጀምር። ተማሪው በታወቀ መስክ ዋና ዲግሪውን ይያዝ፤ የራሱን ንድፍ እንደ ማይነር ይጨምርበት።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል። ከዚህ ነፃነት ለተማሪውም ይድረሰው። በዓመት ሃያ ተማሪዎች እንኳ ይሞከርባቸው፤ ውጤቱን አይተን እንከራከራለን።