ባቡሩ ራሱ የሚዘጋው በር

የምድር ባቡር ከመኪና የሚለይበት ነገር ብዙ ነው፤ ለመንገደኛ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት አንድ ነው። መኪና እንቅፋት ባየ ጊዜ ይቆማል፥ ወይም ዘወር ይላል። ባቡር ግን ዘወር ማለትን ከቶ አያውቅም፤ መቆምም ቢሆን የሚችለው ብዙ ርቀት ከሄደ በኋላ ነው። መንኰራኵሩ ብረት፥ ሐዲዱም ብረት ስለ ሆነ፥ እንደ ጎማና እንደ አስፋልት አጥብቆ አይያያዝም። በፍጥነት የሚሮጥ የመንገደኛ ባቡር፥ ነጂው ፍሬን ከያዘ በኋላ ብዙ መቶ ሜትር ያልፋል፤ ጭነት የተሸከመ ረጅም ባቡር ደግሞ ለመቆም ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚፈጅበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የሰው መንገድና የባቡር መንገድ በሚቋረጡበት ስፍራ ሁሉ መጠበቅ ያለበት ሰው ነው፤ ይህም የማዕርግ ሳይሆን የክብደት ነገር ነው።

ታዲያ ሰውን ማን ያስጠብቀው? በዛሬው ጽሑፋችን የምንመለከተው ይህንኑ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ የተቆጠሩት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

የእንግሊዝ መንግሥት በ1839 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ፥ የባቡር ኩባንያዎች መንገድ በሚቋረጥበት ስፍራ በር እንዲሠሩና ለበሩም ደኅና ጠባቂ እንዲያቆሙ አዘዘ። በ1845 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ደግሞ በሩ ዘወትር በመንገዱ ላይ ተዘግቶ እንዲውልና ጋሪ ወይም ከብት ሊሻገር ሲመጣ ብቻ እንዲከፈት ወሰነ። በብዙ የኤውሮፓ አገሮችም በየመሻገሪያው አጠገብ ትንሽ ቤት እየተሠራ ጠባቂው ከነቤተ ሰቡ ይኖርበት ጀመር። በፈረንሳይ አገር ይህን ሥራ የሚይዙት ብዙ ጊዜ ሴቶች ነበሩ፤ ባል ሐዲድ ሲጠግን ይውላል፥ ሚስት ከቤቷ ሥራ ጋር በሩን ትጠብቃለች። ድስቱ በእሳት ላይ ቢሆን፥ ሕፃኑም ቢያለቅስ፥ ባቡሩ በሰዓቱ ይመጣልና ወጥታ በሩን መዝጋት፥ በሌሊትም ፋኖስ ይዛ መቆም አለባት። ይህ ሥራ ተቀምጦ ደመወዝ መብላት ነው የሚል ሰው ካለ፥ አንድ ሳምንት ብቻ በየሌሊቱ ሦስት ሦስት ጊዜ እየተነሣ ይሞክረው።

ዳሩ ግን ጠባቂ ሰው ነውና እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ይታመማልም። ኩባንያዎቹም በየመሻገሪያው ለሚቆመው ሰው የሚከፍሉት ደመወዝ እየከበደባቸው ሄደ። በዚህ ጊዜ አንድ አሳብ መጣ፤ በሩ እንዲዘጋ የሚያስፈልገው ባቡሩ ሲመጣ ከሆነ፥ ለምን ባቡሩ ራሱ አይዘጋውም? በአሜሪካ በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ እኩሌታ የዚህ ዓይነት በር ሠራን እያሉ የፈጠራ መብት የተቀበሉ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። አንዱ ገመድ፥ አንዱ ሰንሰለት፥ ሌላውም ረጅም የብረት ዘንግ አቀረበ፤ መሠረቱ ግን አንድ ነው። ከመሻገሪያው ራቅ ብሎ በሐዲዱ ጎን አንድ የብረት መርገጫ ይተከላል። ባቡሩ ሲደርስ የመንኰራኵሩ ጠርዝ መርገጫውን ወደ ታች ይጫነዋል፤ መርገጫው የብረት ገመድ ይስባል፤ ገመዱም በመዘውሮች ላይ እየተንሸራተተ እስከ መሻገሪያው ይደርስና የበሩን መያዣ ያላቅቃል፤ በሩም ይወርዳል። ከመሻገሪያው ወዲያ ሌላ መርገጫ አለ፤ ባቡሩ ያንን ረግጦ ሲያልፍ ሁለተኛው ገመድ በሚዛን ክብደት እየታገዘ በሩን መልሶ ያነሣዋል። እሳት የለ፥ ኤሌክትሪክ የለ፥ ደመወዝ የለ። በወረቀት ላይ ሲታይ እጅግ ያማረ ነገር ነበር።

በሐዲዱ ላይ ሲውል ግን ችግሩ ታየ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ባቡር በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ስለዚህ መንኰራኵሩ መርገጫውን የሚነካው ለዐይን ጥቅሻ ያህል እንኳ ለማይሞላ ጊዜ ነው፤ መጫን ሳይሆን በመዶሻ መምታት ማለት ይቀላል። በአንድ ወገን አራት አራት መንኰራኵር ያላቸው 30 ፉርጎዎች ቢያልፉ መርገጫው 120 ጊዜ ይመታል ማለት ነው። ይህን በየቀኑ እየተቀበለ ሳይላላና ሳይሰበር የሚኖር ማጠፊያ ወይም ሞላ መሥራት ቀላል አይደለም። ገመዱም የራሱ ጠባይ አለው። ብረት በሙቀት ይረዝማል፥ በብርድ ያጥራል፤ የአንድ ኪሎ ሜትር የብረት ገመድ በሌሊት ብርድና በቀትር ሐሩር መካከል የ30 ዲግሪ ልዩነት ቢያገኘው፥ ርዝመቱ 36 ሳንቲ ሜትር ያህል ይለዋወጣል፤ ይህም አንድ ስንዝር ተኩል ገደማ ነው። ማለዳ የተወጠረው ገመድ ቀትር ላይ ሲላላ፥ መርገጫው ቢረገጥም የሚሳበው ልልነቱ ብቻ ነው፤ በሩ አይነቃነቅም። በዚህ ላይ በረዶው፥ ጭቃውና ዝገቱ ይጨመራል።

የሰዓቱም ነገር አለ። መርገጫው ከመሻገሪያው 1000 ሜትር ርቆ ቢተከል፥ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሮጠው ባቡር በሩ ከተዘጋ በኋላ በ36 ሴኮንድ ይደርሳል፤ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ግን 3 ደቂቃ ይፈጅበታል። መንገደኛውም ሦስት ደቂቃ ቆሞ ባቡር ሳያይ ሲቀር በዘንጉ ሥር ጎንበስ ብሎ ማለፍን ይለምዳል፤ ይህ ልማድ የያዘውም ፈጣኑ በሚመጣበት ቀን ነው።

ይህ ሁሉ ግን በብልሃትና በጥገና ሊሻሻል ይችል ነበር። የማይሻሻለው ሌላ ነው። እስቲ በማማ ላይ ሆነው ማሽላ የሚጠብቁ ሁለት ልጆችን እናስብ። አንደኛው ዝንጀሮ ባየ ጊዜ ብቻ ይጮኻል። ሁለተኛው ዘወትር ይዘፍናል፤ ዝንጀሮ ሲመጣ ግን ዘፈኑን ያቋርጣል። ከቤት ያለው አባት የመጀመሪያው ልጅ ዝም ሲል ምን ይላል? ዝንጀሮ የለም ይላል። ነገር ግን ልጁ ተኝቶ፥ ወይም ታሞ፥ ወይም ከማማው ወድቆ ሊሆን ይችላል፤ ዝምታው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ሁለተኛው ልጅ ዝም ባለ ጊዜ ግን ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን አባትየው ተነሥቶ ይሮጣል። የገመዱ በር እንደ መጀመሪያው ልጅ ነው። ገመዱ ቢበጠስ ወይም መርገጫው ቢሰበር በሩ ተከፍቶ ይቀራል፤ ተከፍቶ መቅረቱንም መንገደኛው ደኅና ነው እንደ ማለት ይቀበለዋል።

እንደ ሁለተኛው ልጅ የሚሠራውን ነገር ያገኘው አሜሪካዊው ዊልያም ሮቢንሰን ነው፤ የፈጠራ መብቱንም በ1872 ዓ.ም. ተቀበለ። እርሱ ሐዲዱን ራሱን እንደ ሽቦ አደረገው። ከአንድ የሐዲድ ክፍል ጫፍ ላይ ባትሪ ይቆምና ኤሌክትሪኩ በአንደኛው ሐዲድ ሄዶ በሌላው ጫፍ ባለው ማግኔት አልፎ በሁለተኛው ሐዲድ ይመለሳል። ማግኔቱ ኃይል እስካለው ድረስ ትንሽ ብረት አንሥቶ ይይዛል፤ ያ ብረት ተይዞ ሳለ መንገዱ ክፍት ነው። ባቡር ወደዚያ ክፍል በገባ ጊዜ ግራና ቀኙን መንኰራኵር የሚያያይዘው ብረት ሁለቱን ሐዲዶች ያገናኛቸዋል፤ ኤሌክትሪኩም በዚያ አቋርጦ ይመለሳልና ወደ ማግኔቱ አይደርስም፤ የተያዘው ብረት ይወድቃል፤ ደወሉ ይደወላል፥ ዘንጉም ይወርዳል። እንግዲህ ባትሪው ቢያልቅስ? ብረቱ ይወድቃል፥ በሩ ይዘጋል። ሽቦው ቢበጠስ፥ ሐዲዱም ተሰብሮ ቢለያይ? በሩ ይዘጋል። መንገደኛ በከንቱ ይቆማል፥ ያጉረመርማል፤ ነገር ግን አይሞትም። በዚያው በ1872 ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ ያወጣው የባቡር የአየር ፍሬንም በዚሁ ሥርዐት የተሠራ ነው፤ በቧንቧው ውስጥ ያለው አየር ፍሬኑን አላቅቆ ይይዛል፤ ቧንቧው ቢበጠስ ባቡሩ በራሱ ይቆማል። እነዚህ ሁለት ሥራዎች የሰውን ነፍስ በማዳን ከብዙ ታላላቅ ማሽኖች ይበልጣሉ ብል ማጋነን አይመስለኝም።

በ1960ዎቹ ደግሞ የፈጣኑንና የዘገምተኛውን ባቡር ነገር የሚያስታርቅ መሣሪያ በአሜሪካ ተሠራ፤ ይኸውም በሐዲዱ ውስጥ ከሚሄደው ኤሌክትሪክ የባቡሩን ፍጥነት አስልቶ፥ ባቡሩ ቢፈጥንም ቢዘገይም የጥበቃው ጊዜ ተቀራራቢ እንዲሆን የሚያደርግ ነው።

ይሁን እንጂ በሩ ምንም ሳይበላሽ፥ የታዘዘውንም ሁሉ በሰዓቱ ፈጽሞ፥ አደጋ የደረሰበት ቀን አለ። እንግሊዞች ባቡሩ ራሱ የሚዘጋውን አዲሱን በር በ1961 ዓ.ም. ማቆም ጀመሩ። ዘንጉ የመንገዱን ግማሽ ብቻ ይዘጋል፤ የገባ መኪና መውጫ እንዲያገኝ ተብሎ ነው። ቀይ መብራት ብልጭ ማለት ከጀመረ በኋላ ፈጣኑ ባቡር በ24 ሴኮንድ ይደርስ ነበር። ጥር 6 ቀን 1968 ዓ.ም. በስታፈርድሺር ክፍለ አገር ሂክሰን በምትባል መንደር አጠገብ፥ 120 ቶን የሚመዝን የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር የጫነ ተጐታች መኪና ወደ እንዲህ ያለው መሻገሪያ ደረሰ። የመኪናው ርዝመት 45 ሜትር ያህል ነበር፤ ከፊት አንድ የሚስብ፥ ከኋላ አንድ የሚገፋ ሞተር አለው። የፖሊስ መኪና ፊት ፊት እየመራው ተሻግሮ ነበር። ከሐዲዱ በላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ስለ ተዘረጋ፥ ጭነቱ እንዳይነካው ሠራተኞቹ ዐይናቸውን ወደ ላይ ሰቅለው በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ያህል ያዘግሙ ነበር።

ተማሪዎች ሒሳቡን በወረቀት ቢሠሩት ይጠቅማል። በሰዓት 3.2 ኪሎ ሜትር ማለት በሴኮንድ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በ24 ሴኮንድ መኪናው የሚሄደው ከ22 ሜትር አይበልጥም፤ የራሱን ርዝመት ብቻ ለመጨረስ 50 ሴኮንድ ያስፈልገዋል። ከማንቸስተር ወደ ሎንዶን የሚወርደው ባቡር በበኩሉ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጥ ነበር፤ በ24 ሴኮንድ 800 ሜትር ማለት ነው። መብራቱ በራ፥ ደወሉ ተደወለ፥ ዘንጉም ወረደ፤ መኪናው ግን በሐዲዱ መካከል ነበር። የፊተኛው ሞተር ነጂ ወደ ፊት ሊያወጣው ታገለ፤ ባቡሩ የጭነቱን ኋላ መታው። 11 ሰዎች ሞቱ፤ 45 ቆሰሉ።

ለዚህ አደጋ ምርመራ በብራያን ጊበንስ ሰብሳቢነት የቆመው ጉባኤ፥ በ1879 የቴይ ድልድይ ከወደቀ ወዲህ ለባቡር አደጋ እንዲህ ያለ ሸንጎ ተሰይሞ አያውቅም የተባለለት ነው። በመሻገሪያው ዳር ስልክ ነበር፤ ከባድ ጭነት ወይም ከብት የሚያሻግር ሰው አስቀድሞ ለባቡር ሹሙ እንዲደውል የሚያዝዝ ማስታወቂያም ተለጥፎ ነበር። ነገር ግን ጽሕፈቱ ደቃቅ ነው፤ ጭነቱን የሚያንቀሳቅሱትና የሚመሩት ሰዎችም የበሩ ፍጥነት ይህን ያህል መሆኑን በሚገባ የነገራቸው አልነበረም። ቀድሞ ዘንጉን ያወርድ የነበረው ጠባቂ ያን ረጅም መኪና ገና ከሩቅ ሲያየው፥ ቆይ ብሎ እጁን ያነሣ ነበር። ማግኔቱ ግን የሚያውቀው ባቡሩን ብቻ ነው፤ በመንገዱ ላይ ያለውን ከቶ አያይም። ከዚያ በኋላ እንግሊዞች ማስታወቂያውን በጉልህ ጻፉ፤ ከቀዩ በፊት ቢጫ መብራት ጨመሩ፤ ጊዜውንም አሳደጉ። ዛሬ በጃፓንና በሌሎችም አገሮች ብዙ መሻገሪያዎች በሐዲዱ ላይ የቀረ ነገር መኖሩን የሚመረምር መሣሪያ አላቸው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በ1917 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰውን የጅቡቲ ባቡር የሚያስታውሱ አረጋውያን ዝግታውንም ያስታውሳሉ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መሥመር ግን የመንገደኛ ባቡር በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር እንዲሮጥበት የተሠራ ነው፤ የሂክሰኑ ባቡር ፍጥነት ይህን ያህል ነበር። በመሥመሩ ላይ የከብት ሞት ከተደጋገሙት ችግሮች አንዱ ሆኖ ተነግሯል። ከከብቱም ኋላ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ልጅ ነው፤ ስለዚህ በሐዲዱ አካባቢ የሚኖሩ ወላጆች የሚከተለውን ሒሳብ ለእረኛ ልጆቻቸው ቢያስረዱ መልካም ነው።

ተከታትሎ የሚሄድ መንጋ ከራሱ እስከ ጅራቱ 80 ሜትር ቢረዝምና ሐዲዱን ከነዳር ዳሩ ለማለፍ ሌላ 10 ሜትር ቢጨመር፥ በሰው እርምጃ በሴኮንድ አንድ ሜትር እየሄደ ለመሻገር 90 ሴኮንድ ይፈጅበታል። በ90 ሴኮንድ ባቡሩ 3 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ስለዚህ ፊተኛዋ ላም ሐዲዱን ስትረግጥ ባቡሩ ከኮረብታው ወዲያ ሆኖ ድምፁም ላይሰማ ይችላል፤ ኋለኛይቱ ሳትሻገር ግን ይደርሳል። መንጋው ሃያ ሃያ ሜትር በሚሆን በአራት ተከፍሎ ቢነዳ፥ እያንዳንዱ ክፍል የሚያስፈልገው 30 ሴኮንድ ነው፤ ይኸውም አንድ ኪሎ ሜትር ጥርት ብሎ የሚታይ ሐዲድ ማለት ነው፤ ከየክፍሉም በፊት ግራና ቀኝ ማየት ያሻል። ከሰበታ እስከ አዳማ ሐዲዱ ድርብ ስለ ሆነ፥ አንዱ ባቡር ካለፈ በኋላ የእርሱ ጩኸት እስኪርቅ መቆየት ይገባል፤ ከወዲያ የሚመጣውን የሌላውን ድምፅ ይሸፍነዋልና።