ለእማማ የትኛው ስልክ ይሻላል?

በፎገራ ሜዳ ሩዙ ታጭዶና ተወቅቶ ገበያ ሲወጣ፣ በየቤቱ አንድ ክርክር ይነሣል። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ የሚኖረው ልጅ ይደውልና «እማዬ፣ ያችን አሮጌ ስልክ ተያት፤ ዘንድሮ ደህና ታች ስልክ እገዛልሻለሁ» ይላል። ሐሙሲት ያሉት እናት ደግሞ «ምን ሆነችና ልጄ? እሰማሃለሁ፣ ትሰማኛለህ» ይላሉ። ልጅ እናቱ ከዘመኑ የቀሩ ይመስለዋል። እናት ልጃቸው ገንዘቡን የሚበትን ይመስላቸዋል።

ውድ አንባብያን፣ ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። ችግሩ «ጥሩ ስልክ» ሲሉ የሚያስቡት ነገር የተለያየ መሆኑ ነው። ለልጅ ጥሩ ማለት ፈጣን፣ ፎቶ የሚያነሣ፣ ፊት ለፊት የሚያገናኝ ነው። ለእናት ግን ጥሩ ማለት መብራት ጠፍቶ ሁለት ቀን ሲያድር ባትሪዋ የማይሞት፣ ሌሊት ሰው ሲታመም በዳበሳ የምትከፈት፣ ከእጅ ብትወድቅ የማትሰበር ናት።

የእናቶችን ሐሳብ ዓለምም ደግፎታል። ኖኪያ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣት 1100 የተባለች ስልክ ካሜራ አልነበራትም። የነበራት አቧራ የማያስገባ የቁልፍ ሰሌዳ፣ ከእጅ የማያንሸራትት ጎንና ጨለማ ላይ የሚበራ መብራት ነበር። ይህቺ ስልክ ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሸጣ በታሪክ ብዙ ከተሸጡት ስልኮች አንዷ ሆናለች።

ዛሬ በገበያችን የምናያቸው ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስም የተወደዱት በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ሁለት ሲም ይይዛሉ፣ ባትሪያቸው ይቆያል፣ የአማርኛ ፊደል ጨምረዋል። ሦስቱንም የሚያመርተው ትራንሽን የተባለ አንድ የቻይና ኩባንያ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮም በኢትዮጵያ ውስጥ ሲገጣጥም ቆይቷል። ስለዚህ «እኔ ቴክኖ እንጂ አይቴል አልይዝም» እያሉ የሚከራከሩ ሰዎች ሳያውቁት በአንድ ቤት ልጆች መካከል እያበላለጡ ነው።

በስም ብቻ መተማመንም ያሳስታል። ሳምሰንግ በዓለም ከታወቁት ስልክ አምራቾች አንዱ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 ጋላክሲ ኖት 7 የተባለውን ውድ ስልኩን ባትሪው እየነደደ ስላስቸገረ ከገበያ ሰብስቦ ምርቱን አቁሟል። ይህ የሳምሰንግ ስልክ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ከታወቀ ቤትም ደካማ ልጅ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። መጠየቅ ያለበት ስለ ስሙ ብቻ ሳይሆን ስለዚያች ስለምትገዛው ሞዴል ነው።

ታዲያ ማንን እንጠይቅ? ጎረቤት «የእኔ ስድስት ዓመት አገለገለኝ» ቢል እውነቱን ነው፤ ግን የአንድ ስልክ ምስክር ነው። ስልክ ጠጋኙስ? ጠጋኝ ብዙ ስልክ ያያል፤ የሚያየው ግን የተበላሸውን ብቻ ነው። በአካባቢው ብዙ የተሸጠው ስልክ ወደ እርሱም በብዛት ይመጣል። ስለዚህ «የትኛው ስልክ ይበላሻል?» ብላችሁ ብትጠይቁት ምናልባት የሚነግራችሁ ብዙ ሰው የያዘውን ነው። የተሻለው ጥያቄ ይህ ነው፦ «የዚህ ስልክ ስክሪን ቢሰበር፣ የቻርጀር ቀዳዳው ቢላላ፣ መለዋወጫው እጅህ ላይ አለ? በስንት ብር? በስንት ቀን?» ወረታ ወይም ሐሙሲት ላይ በአንድ ቀን የሚጠገን መካከለኛ ስልክ፣ ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ወር ከሚያስጠብቅ ውድ ስልክ ይሻላል።

የፎገራ ሰው ይህን ጥበብ ከከብት ገበያ ያውቀዋል። የፎገራ ላም የተወደደችው በወተቷ ብቻ ሳይሆን ውኃ የሚተኛበትን ሜዳ የለመደች በመሆኗ ነው። በሬ የሚገዛ ሰውም ዘሩን ይጠይቃል፣ ጥርሱን ያያል፣ አረማመዱን ይመለከታል። ስልክም እንዲሁ ይፈተሽ።

የምትገዙት ለእናት ወይም ለአባት ከሆነ፣ ቢቻል ይዛችኋቸው ሂዱ። ስልኩን በእጃቸው ይያዙት። ከሱቁ ወጣ ብላችሁ ደውሉላቸውና ጥሪውን በገበያው ጫጫታ መካከል ይሰሙት እንደሆነ እዩ። ስክሪኑን ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ ፊደሉ ይታያቸው እንደሆነ ጠይቁ። ሲማቸውን በሁለቱም ቦታ አስገብታችሁ ሞክሩ። *#06# ስትነኩ የሚመጣው ባለ 15 አኃዝ መለያ ቁጥር በካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ስልኩ የካርቶኑ ባለቤት አይደለምና ገንዘባችሁን በኪሳችሁ አቆዩ። ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት ተቀበሉ፤ ዋስትናው የት እንደሚሠራም ጠይቁ።

«ቴሌብር ለመጠቀም ግን ታች ስልክ ያስፈልጋል» የሚሉ አሉ። አያስፈልግም። ከ2013 ዓ.ም. ግንቦት ወር ጀምሮ የሚሠራው ቴሌብር በባለ ቁልፍ ስልክም *127# ተብሎ ይከፈታል። ከስልኩ ዓይነት ይልቅ የሚያሳስበው የሚስጥር ቁጥሩ ነገር ነው። ብዙ እናቶች ቁጥሩን ለልጅ ልጅ ወይም ለጎረቤት ልጅ ነግረው ያስከፍታሉ። የሩዝ ዋጋ፣ የዕቁብ ገንዘብ፣ ከልጅ የተላከ ብር ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ ቁጥሩን የያዘ ገንዘቡን ያዘ ማለት ነው። እናት ራሳቸው ሊከፍቱት የሚችሉት ተራ ስልክ፣ ሌላ ሰው ከሚከፍትላቸው ዘመናዊ ስልክ ይልቅ ለገንዘባቸው የታመነ ነው። አንድ ከሰዓት ተቀምጣችሁ፣ ሳትቆጡ፣ አሥር ጊዜም ቢሆን አስለምዷቸው። ደውሎ የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ማንም ነኝ ቢል እንዳይነግሩት አስጠንቅቋቸው።

የታች ስልክም ትልቅ ጥቅም አለው። ልጇ ዓረብ አገር ወይም አሜሪካ ለሆነች እናት፣ ያላቀፈችውን የልጅ ልጅ ፊት ማየት በምንም አይተካም። እናት ይህን ከፈለጉ ግዙላቸው፤ የቁልፍ ስልካቸውን ግን አትውሰዱባቸው። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ የቆየበትን ጊዜ አይተናል፤ ያኔ ታች ስልክም ሥራው መደወል ብቻ ነበር። አንዷ ለማየት፣ አንዷ ለመደወል ትሁን።

ውኃ ደግሞ የአካባቢው ትልቅ ፈተና ነው። ርብና ጉማራ በሚሞሉበት ክረምት፣ ሰው ጎንበስ ብሎ ሩዝ ሲያርም ስልክ ከደረት ኪስ ይወድቃል። ከወደቀ ወዲያው አጥፉት፤ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡት፤ በጨርቅ አድርቃችሁ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አቆዩት፤ ሳይደርቅ ቻርጅ አታድርጉት። ሩዝ ውስጥ የመቅበርን ነገር ግን ተዉት። አፕል እ.ኤ.አ. በ2024 የሩዝ ብናኝ ስልክ ሊጎዳ እንደሚችል ገልጾ ደንበኞቹ ይህን እንዳያደርጉ መክሯል። የፎገራ ሩዝ ለድስት ይሁን። ባትሪው ያበጠ ስልክ ካያችሁም ቻርጅ አታድርጉት፤ ከልጆች አርቃችሁ ወደ ጠጋኝ ውሰዱት።

ዩኒቨርሲቲ ለሚገባ ልጅ ላፕቶፕ የምታስቡ ወላጆችም ተመሳሳይ ጥያቄ አለባችሁ። ልጅ የሚያምረውን ቀጭኑን ይመርጣል። ለመሥሪያ ቤት ተብለው የተሠሩ ያገለገሉ ላፕቶፖች፣ ለምሳሌ ቲንክፓድ፣ ላቲቲዩድ ወይም ኤሊትቡክ፣ ወፍራም ቢመስሉም ጠንካሮች ናቸው፤ ተከፍተውም ይጠገናሉ። ነገር ግን ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ መደበኛ ድጋፉ ስላበቃ፣ ዊንዶውስ 11ን የሚቀበል መሆኑን አጣሩ፤ በኢንቴል በኩል ይህ ማለት በአብዛኛው 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ማለት ነው። ሃርድ ዲስኩም ኤስ.ኤስ.ዲ. ይሁን፤ ይፈጥናል፣ በመንገድ ንቅናቄም ቶሎ አይጎዳም። ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ሻጩን ከመጠየቅ ይልቅ ከቻርጀሩ ነቅላችሁ ራሳችሁ ሞክሩት።

የሰው ምርጫ ጌጥ ብቻ ተደርጎ አይታይ። እናት «ይህቺን ለምጃታለሁ» ሲሉ ዓይናቸው፣ ጣታቸውና ልባቸው የሚያውቃትን እየነገሯችሁ ነው። ያልለመዱት ስልክ በሣጥን ውስጥ ከተቀመጠ፣ የቱንም ያህል ቢያስከፍል አስተማማኝ አይባልም፤ በችግር ጊዜ አይነሣምና። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት እርሳቸውን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በስልክዎ ምን ማድረግ ይፈልጋሉ? አሁን ባለው ምን ያስቸግርዎታል? የትኛውን ነገሩን ማጣት አይፈልጉም? ከሦስቱ መልሶች በኋላ ወደ ሱቅ ሂዱ።