ፒዛው እኔ ቤት ነው!

ባለፈው ቅዳሜ ፍቅረኛዬ «ፒዛ ልጋብዝሽ» ሲለኝ ጨነቀኝ። የወሩ መጨረሻ ነዋ! «ዛሬ ፒዛው እኔ ቤት ነው» አልኩት።

ሁለት ራስ ሽንኩርት በዘይት አቁላልቼ ነጭ ሽንኩርትና ግማሽ ኪሎ የተፈጨ የበሬ ሥጋ ጨመርኩ። ሥጋው ሲጠብስ አራት የተከተፈ ቲማቲም፣ ቃሪያና በሶብላ አከልኩበት። ልብ በሉ፣ ውሃው ሳይመጥ ከቸኮላችሁ የምታቀርቡት ሾርባ ነው፤ እኔ መጀመሪያ የሠራሁ ቀን ጉድ ሆኛለሁ። ግማሽ ኪሎ መኮሮኒ ጠንከር እንዳለ አጥልዬ ከሥጋው ጋር ደባለቅኩት። ትሪ ላይ ገልብጬ፣ የተፈቀፈቀ ቺዝ አልብሼ፣ 180 ዲግሪ የጋለ ኦቭን ውስጥ 25 ደቂቃ አቆየሁት። ኦቭን የሌላችሁ፣ ድስቱን ከድናችሁ ለስለስ ባለ እሳት ቺዙ እስኪቀልጥ ጠብቁ።

ሁለት ሳህን በልቶ ዝም አለ። ከዚያ «እውነቱን ልንገርሽ? የፒዛውን ብር ከጓደኛዬ ተበድሬ ነበር» አለኝ። ለካ ስንትና ስንት ቅዳሜ በብድር ስንዝናና ኖረናል!

ብሩ ሰኞ ለባለቤቱ ተመለሰ። እናንተስ? ኪሱን የሚደብቅ ፍቅረኛ ካላችሁ በጥያቄ አታፋጥጡት። መጀመሪያ አብሉት፣ ራሱ ይናገራል።

ሳምንት ያገናኘን!