የሐምሌ አደጋዎች ምን ያስተምሩናል?

ሐምሌ በኢትዮጵያ የክረምቱ ዝናብ የሚበረታበትና ወንዞች ሞልተው የሚፈሱበት ወር ነው። የብዙው አርሶ አደር የዓመት ተስፋም በዚህ ወር በሚጥለው ዝናብ ላይ የተመሠረተ ነው። ይሁንና ይኸው ወር በቅርብ ዘመን ታሪካችን በርካታ ወገኖቻችንን በአንድ ሌሊትና በአንድ ማለዳ ያጣንበት መሆኑ አይዘነጋም።

ከእነዚህ አደጋዎች መካከል ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም በድሬዳዋ ከተማ የደረሰው ጎርፍና ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን የደረሰው የመሬት መንሸራተት በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ። በሁለቱ መካከል የ18 ዓመታት ልዩነት አለ። ቦታቸውም ሆነ ዓይነታቸው አይመሳሰልም። ያም ሆኖ ሁለቱን አነጻጽሮ ለተመለከተ ሰው አንድ የጋራ ነጥብ ይታየዋል። ይኸውም ዝናቡ በወሩ የመጣ፣ በየዓመቱም የሚጠበቅ ሲሆን፣ በአደጋው መንገድ ላይ ለነበሩት ሰዎች ግን በጊዜው ሊደርስ የሚገባው ማስጠንቀቂያ አለመድረሱ ነው።

የድሬዳዋው ጎርፍ

የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን ከዚራና መጋላ በሚባሉ ሁለት ክፍሎች ይከፍላታል። ወንዙ በአብዛኛው የዓመቱ ወቅት ውሃ የማይታይበት የአሸዋ መንገድ ነው። በዚህም ምክንያት ነዋሪው ይመላለስበታል፤ በዳርቻውም መኖሪያ ቤቶች ተሠርተው ነበር። የጎርፉ መነሻ ግን ከከተማዋ በላይ የሚገኙት የምሥራቅ ሐረርጌ ደጋማ ቦታዎች ናቸው።

ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ በደጋው ላይ የጣለው ከባድ ዝናብ ደናቸው በተመናመነ ተዳፋቶች ላይ ተንደርድሮ፣ ነዋሪው በእንቅልፍ ላይ ሳለ ከተማዋ ደረሰ። በአደጋው ከ250 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ሲያጡ፣ ከ200 በላይ የሚሆኑት የደረሱበት ሳይታወቅ ቀርቷል። ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ነዋሪዎችም ከመኖሪያቸው ተፈናቅለዋል።

አገሪቱ ከዚህ ሐዘን ሳትወጣ ከሳምንት በኋላ ነሐሴ 7 ቀን 1998 ዓ.ም በደቡብ ኦሞ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በመፍሰሱ በዳሰነች ከ360 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በሺዎች የሚቆጠሩ ከብቶችም በውሃው ተወስደዋል። በሁለቱም ስፍራዎች ጎርፉን ያመጣው ዝናብ በዋናነት የጣለው ሰዎቹ በሞቱበት ቦታ ሳይሆን ከእነርሱ በላይ ባለው ደጋ ነበር። በደጋው ያለው ሰው የሚያየውን በቆላው ያለው እንዲሰማ የሚያደርግ አስተማማኝ መንገድ አልነበረም።

ከአደጋው በኋላ በድሬዳዋ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ቢሆንም በሚያዝያ 2012 ዓ.ም በከተማዋ የደረሰው ጎርፍ ዳግም የሰው ሕይወት አጥፍቷል። ይህም ግንብ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ፣ የደጋው ተዳፋት ካላገገመና የማስጠንቀቂያ ሥርዓቱ ካልተጠናከረ አደጋው ተመልሶ እንደሚመጣ የሚያመለክት ነው።

የጎፋው የመሬት መንሸራተት

በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው አደጋ ደግሞ ሌላ መራር ትምህርት የያዘ ነው። በከንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ በጣለው ከባድ ዝናብ የተነሳ ተራራው ተንዶ በመጀመሪያ ጥቂት ቤተሰቦችን ቀበረ። የአካባቢው ሕዝብ እንደ ባህሉ ጩኸቱን ሰምቶ ተሯሯጠ። ጎረቤቶች፣ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና የፖሊስ አባላት የተቀበሩትን ለማውጣት በእጃቸውና በአካፋ መቆፈር ጀመሩ። በዚህ መካከል ተራራው ለሁለተኛ ጊዜ ተንዶ ለእርዳታ የተሰበሰበውን ሕዝብ ቀበረው። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ሌላውን ለማዳን የወጡ ሰዎች ነበሩ።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት በሰሞኑ ባወጣው መግለጫ 257 ሰዎች መሞታቸው መረጋገጡንና በአካባቢው ከ15 ሺህ በላይ ሰዎች ከሥጋት ቀጣና መነሳት እንዳለባቸው አስታውቆ ነበር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም የሦስት ቀናት ብሔራዊ ሐዘን አውጇል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐምሌ 29 ቀን ደግሞ በወላይታ ዞን ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ በደረሰ ተመሳሳይ አደጋ ከ10 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

የመሬት መንሸራተት አሠራሩ የታወቀ ነው። በተዳፋት ላይ ያለ አፈር ውሃ በጠጣ ቁጥር ክብደቱ ይጨምራል፤ ከሥሩ ካለው ዐለት ጋር የሚያያይዘው ኃይልም ይላላል። የታችኛው ክፍል ሲናድ የላይኛው ደጋፊ ያጣል። ስለሆነም የመጀመሪያው ናዳ ለሁለተኛው መንገድ ከፋች ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ በቦታው ቢኖር ወይም የቀበሌው ሰዎች አስቀድመው ሠልጥነው ቢሆን ኖሮ፣ ከላይ ያለውን ተራራ የሚከታተል ሰው ሳይቆም ሕዝቡ ወደ ጉድጓዱ ባልገባ ነበር። በዚያ ማለዳ ሕዝባችን የሚመካበት የመረዳዳት ባህል አልጎደለም፤ የጎደለው ዕውቀቱ ነው።

ከድርቅ ወደ ጎርፍና ናዳ

የአገራችን የአደጋ መከላከል ሥርዓት የተገነባው በድርቅ ልምድ ላይ ነው። በ1966 ዓ.ም የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የተመሠረተው የወሎውን ረሃብ ተከትሎ ነበር። ድርቅ ቀስ ብሎ የሚመጣ አደጋ በመሆኑ ሪፖርት ለመጻፍ፣ ጥናት ለማካሄድና እህል ለማጓጓዝ ወራት ይሰጣል። ጎርፍና ናዳ ግን የሚሰጡት ሰዓታትን፣ አንዳንዴም ደቂቃዎችን ብቻ ነው። ለወራት የተዘጋጀ አሠራር ለሰዓታት አይደርስም።

በ2005 ዓ.ም የወጣው ብሔራዊ የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ፖሊሲና ስትራቴጂ ይህን ክፍተት በመገንዘብ ትኩረቱን አደጋ ከደረሰ በኋላ ከሚሰጥ እርዳታ ወደ ቅድመ መከላከል አዙሯል። የሚቲዎሮሎጂ ተቋሙም ከመደበኛ በላይ ዝናብ ሲጠበቅ ትንበያውን ያወጣል። ችግሩ ያለው ትንበያው ከአዲስ አበባ ወጥቶ ተራራ ሥር እስካለው ጎጆ ለመድረስ በሚጓዘው የመጨረሻ መንገድ ላይ ነው። "በደቡብ ምዕራብ ከባድ ዝናብ ይጠበቃል" የሚል ዜና ለአንድ ቀበሌ ነዋሪ ዛሬ ማታ ቤቱን ለቅቆ እንዲያድር አይነግረውም።

እዚህ ላይ አንድ እውነት መሸሸግ የለበትም። ሰዎች በተዳፋትና በወንዝ ዳር የሚሰፍሩት አደጋውን ባለማወቅ ብቻ አይደለም። መሬት በመጥበቡና ሌላ አማራጭ በማጣታቸው ጭምር ነው። በመሆኑም ተነሱ ማለት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። የሚነሳው ቤተሰብ የሚያርሰው መሬት፣ የሚጠጣው ውሃና ልጆቹ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ያስፈልገዋል። ይህ ካልተሟላ ማስጠንቀቂያውን የሰማ ሁሉ ዝናቡ ሲያባራ ወደ ቀድሞው ቦታው መመለሱ አይቀርም።

ከዚህ አንጻር የሐምሌ ዝግጅት በሐምሌ የሚጀመር ሊሆን አይገባውም። ተዳፋቶችን መለየት፣ በየቀበሌው ተጠሪ መመደብ፣ የወንዝ ላይኛውንና ታችኛውን ነዋሪ በስልክ ማገናኘት፣ ተዳፋትን በእርከንና በዛፍ መሸፈን የበጋ ሥራዎች ናቸው። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" እንዲሉ፣ ከአደጋ በኋላ የሚሰማ ማስጠንቀቂያ ለሞቱት አይጠቅምም።

ሐምሌ በየዓመቱ ይመጣል። በድሬዳዋ በእንቅልፍ ላይ ሳሉ፣ በጎፋም ወገናቸውን ለማዳን ሲቆፍሩ ላለፉት ሰዎች የሚሆነው ትክክለኛ መታሰቢያ፣ ዝናቡ ሲመጣ የተዳፋቱ ሥር ነዋሪ አስቀድሞ ተነስቶ በሰላም የሚያድርበትን ክረምት ማየት ነው።